«የለም» እና «አልተሰማም»
(በሆስፒታል ውስጥ ታካሚ ያለበትን ቦታ በራዲዮ ሞገድ ስለሚያመለክተው መሣሪያ ስያሜዎች)

አዲስ መሣሪያ ወደ አንድ አገር ሲገባ ስሙን አስከትሎ መግባቱ የታወቀ ነው። ስሙ የተስማማ ሆኖ ቢገኝ መሣሪያው በቶሎ ይለመዳል፤ አሳሳች ሆኖ ቢገኝ ግን ስሕተቱ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይኖራል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በሆስፒታል ውስጥ ታካሚዎች ያሉበትን ቦታ በራዲዮ ሞገድ አማካይነት የሚያመለክተውን መሣሪያና ከእርሱ ጋር የሚመጡትን ሙያዊ ቃላት ነው። በመጀመሪያ አሠራሩን በአጭሩ እንገልጣለን፤ ቀጥሎም ለስያሜ ሊቀርቡ የሚችሉትን ቃላት አንድ በአንድ እንመረምራለን፤ በመጨረሻም ከቃላቱ ሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ስለሚያሻው ስለ አንድ አጭር የአማርኛ ግሥ እንነጋገራለን።

ለምሳሌነት የከሚሴን ከተማ መርጠናል። የመረጥናት መሣሪያው በዚያ ስለተተከለ ሳይሆን ቃል የሚፈተንባት ከተማ በመሆኗ ነው። ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ በቦርከና ሸለቆ ትገኛለች። በዞኑ አፋን ኦሮሞ የሥራና የትምህርት ቋንቋ ነው፤ አማርኛ ደግሞ የክልሉ የሥራ ቋንቋና የገበያው መግባቢያ ነው። በአቅራቢያውም አፋርኛና አርጎብኛ ይነገራሉ። ከአርጡማ ፉርሲ ወይም ከደዌ ሐረዋ የመጣ ገበሬ ካርድ ክፍል በአማርኛ ይጠየቃል፤ ነርሷ በአፋን ኦሮሞ ታናግረዋለች፤ ሪፈር የተባለ እንደሆነ ደግሞ ወረቀቱን ይዞ ወደ ደሴ ያቀናል። ስለሆነም በአማርኛ የምንሰይመው አንድ የሙያ ቃል በዚያው ዕለት ሁለትና ሦስት ጊዜ በአፍ ይተረጎማል። ቃሉ ጉድለት ያለበት እንደሆነ ጉድለቱ ሁለት ቋንቋ በሚነገርበት ቦታ ፈጥኖ ይጋለጣል።

ታካሚን መፈለግ ለምን አስፈለገ?

ታካሚ በሆስፒታል ውስጥ በአንድ ቦታ አይቀመጥም። ከድንገተኛ ክፍል ወደ ላቦራቶሪ፣ ከላቦራቶሪ ወደ ራጅ ክፍል፣ ከዚያም ወደ አልጋው ይመላለሳል። በአገራችን እስከ ዛሬ ታካሚው የት እንዳለ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው አስታማሚው ነው። «አስታመመ» የሚለው ግሥ «ታመመ» ከሚለው የወጣ ሲሆን ከታመመው ጋር የሕመሙን ጊዜ አብሮ ማሳለፍን ያመለክታል። ነገር ግን አስታማሚው መድኃኒት ሊገዛ በወጣበት ሰዓት፣ ወይም ታካሚው ብቻውን በመጣ ጊዜ፣ ተረኛዋ ነርስ በየክፍሉ እየዞረች ስም መጥራት ግድ ይሆንባታል።

ስም መጥራትም የራሱ ችግር አለው። በአገራችን የቤተሰብ ስም የሚባል ስለሌለ ሰው የሚለየው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። መሐመድ፣ ሰይድ፣ አሕመድና ፋጡማ የሚሉት ስሞች በብዛት በሚገኙበት አካባቢ «ሰይድ መሐመድ» ተብሎ ቢጠራ ከአንድ በላይ ሰው «አቤት» ሊል ይችላል። በጽሑፍም ቢሆን መሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሐመድ፣ ሞሐመድ፤ ሰይድ፣ ሰዒድ፣ ሰኢድ እየተባለ ይጻፋል። በቁቤ የተጻፈው ሲጨመር መልኩ ከዚህም ይበዛል። በካርድ ክፍል መዝገብ ውስጥ እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ሰዎች ሆነው ይቆጠራሉ። እንግዲህ ለስም ሳይሆን ለቁጥር የሚታዘዝ መሣሪያ የሚፈለግበት ምክንያት ከዚህ ላይ ይገባናል።

የመሣሪያው አሠራር

መሣሪያው ሦስት ክፍሎች አሉት። አንደኛው በታካሚው እጅ ላይ የሚታሰር፣ የራሱ ቁጥር ያለው ትንሽ አስተላላፊ ነው። ሁለተኛው በየክፍሉና በየመተላለፊያው ግድግዳ ወይም ጣራ ላይ የሚተከል ተቀባይ ነው። ሦስተኛው ከተቀባዮቹ የሚመጣውን ሰብስቦ የአስተላላፊውን ቁጥር ከታካሚው ካርድ ቁጥር ጋር የሚያገናኝና ውጤቱን በስክሪን የሚያሳይ ኮምፒዩተር ነው።

በእጅ የሚታሰረውም ሁለት ዓይነት ነው። ባትሪ ያለው በየጥቂት ሴኮንዱ ወይም በየጥቂት ደቂቃው ቁጥሩን በራሱ ኃይል ያሰማል። ባትሪ የሌለው ግን ከማንበቢያው የራዲዮ ሞገድ እስኪደርሰው ድረስ ዝም ይላል፤ ሲደርሰውም ከዚያው ሞገድ ኃይል ተበድሮ ቁጥሩን መልሶ ይልካል። በገደል ማሚቶ ልንመስለው እንችላለን፤ ልዩነቱ ገደል ማሚቶ የጠሪውን ድምፅ ብቻ ሲመልስ ይህኛው የራሱን ስም ጨምሮ መመለሱ ነው። በ13.56 ሜጋኸርዝ የሚሠራው ማንበቢያ ካልተጠጋው አይመልስም፤ ከ860 እስከ 960 ሜጋኸርዝ ባለው የሚሠራው ግን ከጥቂት ሜትሮች ርቀት ይሰማል።

ቦታው በልዩ ልዩ መንገድ ይታወቃል። ቀላሉ መንገድ አስተላላፊውን የሰማው የትኛው ተቀባይ እንደሆነ ማየት ነው። ሌላው የደረሰውን ሞገድ ጉልበት መለካት ነው፤ ሲርቅ ይደክማልና። ሦስተኛው ሞገዱ በጉዞ ላይ የቆየበትን ጊዜ መቁጠር ነው። የራዲዮ ሞገድ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ በሴኮንድ አንድ ቢሊዮንኛ ውስጥ 30 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ በዚህ መንገድ አልጋን ከአልጋ ለመለየት እጅግ ረቂቅ ሰዓት ያስፈልጋል።

የዘዴው ታሪክ ከብዙዎች ግምት ይልቅ የቆየ ነው። ሃሪ ስቶክማን በተንጸባረቀ ሞገድ አማካይነት መልእክት ስለ መለዋወጥ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1948 ነበር። ማሪዮ ካርዱሎ ቁጥር አስታውሶ ለሚመልስ አስተላላፊ የፈጠራ ባለመብትነት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ የሚገኘው የኦሊቬቲ የምርምር ተቋም ደግሞ ሠራተኞቹ በደረታቸው ላይ የሚያደርጉትንና በሕንፃው ውስጥ የት እንዳሉ የሚያሳውቀውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1992 በጽሑፍ አስተዋወቀ፤ ይህኛው ግን የሚሠራው በራዲዮ ሞገድ ሳይሆን በዓይን በማይታይ ብርሃን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ሳርስ የተባለው የመተንፈሻ አካል ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ በሲንጋፖር የአሌክሳንድራ ሆስፒታል በራዲዮ ሞገድ የሚሠራውን ሥራ ላይ አዋለው። ዓላማውም አንድ ሰው መያዙ ሲታወቅ ከእርሱ ጋር በአንድ ቦታ የነበሩት እነማን እንደሆኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ለማየት ነበር። ይህ ምሳሌ ወደ በኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ ልብ ይበለው።

መሣሪያው እንከን የለሽ አይደለም። የሰው ገላ አብዛኛው ውሃ በመሆኑ ሞገዱን ይመጥጣል፤ ብረት ደግሞ ያንጸባርቀዋል። ታካሚው በእጁ ላይ ተኝቶ እንደሆነ አስተላላፊው ሳይሰማ ሊቆይ ይችላል። መብራት ሲጠፋ ተቀባዩ አይሰማም። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ በኔዘርላንድ የተደረገ ጥናት በ41 የሕክምና መሣሪያዎች ላይ 123 ሙከራዎች አድርጎ በ34ቱ የሞገዱ ጣልቃ ገብነት መታየቱን፣ ከእነዚህም 22ቱ አደገኛ ሊባሉ የሚችሉ መሆናቸውን አመልክቷል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን መሣሪያው የሚያገኘው አስተላላፊውን እንጂ ሰውየውን አለመሆኑ ነው። አስተላላፊው ሲታሰር በተሳሳተ ካርድ ላይ ከተመዘገበ ማሽኑ ስሕተቱን በታላቅ ትክክለኛነት ሲደጋግም ይውላል። የምንመርጣቸውም ቃላት ይህንን ልዩነት የማይሰውሩ መሆን ይገባቸዋል።

ስለ ስያሜዎቹ

(ሀ) «ገመድ አልባ»። በአንዳንድ ጽሑፍ «ሽቦ አልባ» የሚልም ይገኛል። ሁለቱም የሚናገሩት መሣሪያው ስለ ሌለው ነገር ነው። እዚህ ላይ የ«ስልክ»ን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። ቃሉ ወደ አማርኛ የገባው ከዓረብኛ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ትርጉሙ «ሽቦ» ማለት ነው። ዓረብኛ ለገመድ አልባው «ላ ሲልኪ»፣ ማለትም «ሽቦ የሌለው» የሚል ቃል ሲያወጣ አማርኛ ግን ሽቦውን ረስቶ ዛሬ በኪስ የሚያዘውንም ያለ ምንም ችግር «ስልክ» ይለዋል። በወሎ ዓረብኛ የቀራ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ከዚህ የምንማረው ቃል የተሠራበት ፍች ቢደበዝዝም ልማዱ ሊያኖረው መቻሉን ነው። ስለሆነም «ገመድ አልባ» የሚለውን ለጠቅላላው እየተውን ለዚህ መሣሪያ «በራዲዮ ሞገድ» የሚለውን እንመርጣለን። ታካሚው ራዲዮን ያውቃልና።

(ለ) «መለያ»። ቁጥሩን ለያዘው፣ በእጅ ለሚታሰረው ዕቃ ነው። «ለየ» የሚለው ግሥ ሁለት ፍች አለው፤ አንዱ ማንነትን ማወቅ፣ ሁለተኛው ከሌላው መነጠል ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ «ለይቶ ማቆያ» የሚለው ስያሜ ሁለተኛውን ፍች በሰፊው ሕዝብ ጆሮ ውስጥ አሳድሮታል። «መለያ እናስርልዎ» የተባለ ሽማግሌ «ከሰው ሊለዩኝ ነው» ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም። «ታርጋ» የመኪና ነው፤ «ምልክት» የከብት ጆሮና የጆንያ ነው፤ «አምባር» የሴት ጌጥ ነው። በአካባቢው ሰው በገላው ላይ የሚያስረው ነገር ክታብም ሆነ ማተብ የእምነት ጉዳይ መሆኑ አይረሳም። ስለዚህ «የእጅ መለያ» የሚለውን እናቀርባለን። «የእጅ» የሚለው ቅጥያ ሲጨመር መነጠል የሚለው ፍች ይርቃል፤ የዕቃው ተራነትም ይታወቃል። በአፋን ኦሮሞ በኩል «መላቶ» የሚለው ቃል ለመለያነት ቀድሞ ወደ አእምሮ ቢመጣም ያው ቃል በቅጾች ላይ «ፊርማ» ለሚለው ስለሚያገለግል በአንድ ወረቀት ላይ ሁለቱ እንዳይጋጩ መጠንቀቅ ያሻል። ምርጫውን ለዚያው ቋንቋ ባለሙያዎች እንተዋለን።

(ሐ) «ገቢር» እና «ተገብሮ»። ባትሪ ያለውንና የሌለውን ለመለየት የምሕንድስና ሰዎች የሚጠቀሙባቸው ቃላት በአማርኛ ሰዋስው ለግሥ ከምንሰጣቸው ሁለት ስሞች ጋር አቻ ናቸው። የሰዋስው መምህር ደስ ሊለው ይችላል። ይሁን እንጂ ባትሪ የሌለው ሲጠራ የሚመልስ እንጂ የሚደረግበትን ብቻ የሚቀበል አይደለም። በመሆኑም «ባለባትሪ» እና «ባትሪ አልባ» ማለቱ ለነርሷም ለጠጋኙም ይበጃል።

(መ) «መከታተያ»። ይህ ቃል በብዙዎች አፍ ያለ ነው። በሕክምና «ክትትል» የተከበረ ቃል ነው፤ እናቶች የእርግዝና ክትትል ያደርጋሉ፤ የስኳር ታካሚ ክትትል አለው። በሌላ በኩል ግን «ክትትል ይደረግበታል» ሲባል የፖሊስ ነገር ይታወሳል። «ይደረግለታል» እና «ይደረግበታል» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ፊደል ብቻ ነው። በአፋን ኦሮሞ «ሆርዶፊ» የሚለውም መከተልንና መከታተልን አጣምሮ ስለሚይዝ ተርጓሚው ከአሻሚነቱ አያመልጥም።

ቀደም ሲል የጠቀስነውን የሲንጋፖር ምሳሌ እዚህ ላይ እናነሣዋለን። ታካሚው አሁን የት እንዳለ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ትናንት የት የት እንደዋለና ከማን ጋር እንደነበረ መዝግቦ ማቆየት ሌላ ነገር ነው። ሁለቱንም «መከታተያ» ካልን ታካሚው በፈቃድ ቅጹ ላይ ሲፈርም ለየትኛው እንደፈረመ አያውቅም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የባለቤቱን ፈቃድ ከመሠረቶቹ አንዱ በሚያደርግበት በዚህ ጊዜ የቃል አሻሚነት የሕግም ጉዳይ ይሆናል። ስለዚህ ለመጀመሪያው «ቦታ ማመልከት»፣ ለሁለተኛው «የእንቅስቃሴ መዝገብ» የሚሉትን ለየብቻ እናቀርባለን።

(ሠ) «መገኛ»፣ «ጠቋሚ»፣ «አመልካች»። «መገኛ» ጥሩ ቃል ነበር፤ ነገር ግን «የቡና መገኛ» እንደምንለው መነሻንም ስለሚያመለክት «የታካሚው መገኛ» ሲባል የትውልድ ቀበሌውን የሚሞላ ጸሐፊ አይጠፋም። «ጠቋሚ» ሰውን ለሌላ አሳልፎ የሚሰጥን ያስታውሳልና ሆስፒታል ባይገባ ይሻላል። «አመልካች» የሚለው ለጉዳይ ያመለከተንም ሰው ቢያሳይ «አመልካች ጣት» እና «አቅጣጫ አመልካች» በሚሉት ውስጥ ፍቹ ግልጥ ነው። በመሆኑም የመሣሪያው ጠቅላላ ስም «የታካሚ ቦታ አመልካች» እንዲሆን ሐሳብ እናቀርባለን።

(ረ) «ቅጽበታዊ»። ቅጽበት በግእዝ «ቀጸበ» ከሚለው የወጣ ሲሆን የዓይን ጥቅሻን ያህል ጊዜ ነው። ማሽኑ ግን ባትሪ ለመቆጠብ በየተወሰነ ጊዜ ብቻ ስለሚያሰማ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ያለፈ ወሬ ነው። «ያለበት ቦታ» ተብሎ የተጻፈውን አምና የሄደች ነርስ ባዶ አልጋ ልታገኝ ትችላለች። ስለዚህ በስክሪኑ ላይ «መጨረሻ የተሰማበት ቦታ» የሚለው ከሰዓቱ ጋር ይጻፍ። ሰዓቱም በአገራችን አቆጣጠር ይሁን፤ ከጧቱ 4፡10 በሌላው አቆጣጠር 10፡10 መሆኑ በጥድፊያ ጊዜ የስድስት ሰዓት ስሕተት ያመጣልና።

ስለ «የለም»

እስካሁን የመረመርናቸው ስሞች ናቸው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ስም ሳይሆን «አለ» የሚለው ግሥ ነው። መሣሪያው አስተላላፊውን ሳይሰማ ሲቀር ስክሪኑ አንድ ነገር መናገር አለበት። ከውጭ አገር ቋንቋ በቀጥታ የሚተረጉም ሰው ቅርብ ሆኖ የሚያገኘው ቃል «የለም» ነው፤ ለአንቱታም «የሉም»።

በአማርኛ «አለ» በአንድ ቦታ መገኘትንም በሕይወት መኖርንም ያመለክታል። ከረጅም ጊዜ በኋላ የተገናኙ ሰዎች «አባትህ አሉ?» ሲባባሉ የሚጠያየቁት ስለ ቦታ አይደለም። «የሉም» የሚለው መልስ ሲሰማ ጠያቂው «ነፍስ ይማር» ወይም «አላህ ይዘንላቸው» ይላል። አፋን ኦሮሞም በዚህ ከአማርኛ ጋር አንድ ነው። «ኤሰ ጂረ» ሲባል «የት አለ» ማለት ሲሆን «ጂሬኛ» ደግሞ ሕይወትና ኑሮ ነው። «ሂን ጂሩ» የሚለው እንደ አገባቡ «እዚህ የለም» ወይም «በሕይወት የለም» ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በከሚሴ ያለች ነርስ ከስክሪኑ ላይ «የለም» የሚለውን አንብባ በአፋን ኦሮሞ ብትተረጉመው አሻሚነቱ አይወገድም፤ ከነክብደቱ ወደ ሁለተኛው ቋንቋ ይሻገራል እንጂ።

አንዲት እናት ልጇን ራጅ ክፍል ልካ ውሃ ልትቀዳ ወጣ ብላ ተመለሰች እንበል። አልጋው ባዶ ነው። ተረኛዋን ትጠይቃለች፤ ተረኛዋም ስክሪኑን አይታ «የለም» ትላለች። ልጁ ግን በመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ ክንዱን ተንተርሶ ተኝቷል፤ የእጅ መለያውም በገላው ተሸፍኗል። በእናቲቱ ልብ የሚያልፈውን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። በባህላችን መርዶ እንኳ በዘፈቀደ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጊዜ ተመርጦ፣ ነጋሪው ታስቦበት ነው። ማሽን በሦስት ፊደል እንዲያረዳ መተው ግን የተርጓሚው ጥፋት ይሆናል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ማሽኑ የሚያውቀውን ብቻ ይናገር። የሚያውቀውም አስተላላፊውን መስማቱን ወይም አለመስማቱን ነው። ስለዚህ ስክሪኑ «የእጅ መለያው ከጧቱ 4፡10 ጀምሮ አልተሰማም፤ መጨረሻ የተሰማው በራጅ ክፍል በር ነው» ይበል። በአፋን ኦሮሞም «ሂን ዸገአምኔ» ማለት ይቻላል፤ «አልተሰማም» ማለት ነውና። በዚህ አነጋገር የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት መለያው እንጂ ልጁ አይደለም። ነርሷ ሂዳ መፈለግ እንዳለባት ያሳስባታል፤ እናቲቱም የምትሄድበትን ቦታ ይነግራታል። ከላይ «መሣሪያው የሚያገኘው አስተላላፊውን እንጂ ሰውየውን አይደለም» ያልነው የምሕንድስና እውነት በአገባብ ሲገለጥ ይህን ይመስላል።

የቀረቡት ስያሜዎች ባጭሩ የሚከተሉት ናቸው።

የታካሚ ቦታ አመልካች፦ ለጠቅላላው መሣሪያ።
የእጅ መለያ፦ በታካሚው እጅ ለሚታሰረው፤ ባለባትሪ ወይም ባትሪ አልባ።
ተቀባይ፦ ግድግዳና ጣራ ላይ ለሚተከለው። ማንበቢያ፦ ለሚጠጋው።
ቦታ ማመልከት፦ መጨረሻ የተሰማበትን ቦታ ማሳየት።
የእንቅስቃሴ መዝገብ፦ ያለፈውን አከማችቶ ማቆየት።
አልተሰማም፦ «የለም» በሚለው ምትክ።

ስያሜ በጉባኤ አይጸናም፤ የሚጸናው በካርድ ክፍል መስኮትና በአልጋ ራስጌ ነው። ስለዚህ እነዚህን ቃላት በሥራ ላይ የሚያውሉ ተርጓሚዎች ከማሳተማቸው በፊት ለአንዲት ነርስና ለአንድ አስታማሚ ጮኽ ብለው እንዲያነቡላቸው እንመክራለን። አስታማሚው ሰምቶ «ታዲያ የት ልፈልገው?» ብሎ ከጠየቀ ቃሉ ሠርቷል። ዝም ብሎ ፊቱ ከጠቆረ ግን ቃሉ እንደገና ይታይ።